«ሌሊት ሌሊት የምጽፈው ምንድን ነው?»

ጥያቄ፦ «እናቴ ያረፈችው በነሐሴ ነው። እኔ ለንግድ መተማ ነበርኩ። ታማለች ብለው ሲደውሉልኝ ወዲያው ተነሣሁ፤ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸና ጎንደር ስገባ ተቀብራለች። ፊቷን አላየሁም። አርባዋ ወጣ፣ መንፈቋም አለፈ። ሱቄን እከፍታለሁ፣ ሰው ፊት አላለቅስም። ሌሊት ግን እነቃና ስልኬ ላይ ግጥም የሚመስል ነገር እጽፋለሁ። አንዳንዴ ይቀለኛል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይብስብኛል። አንዱንም ጨርሼው አላውቅም። ባለቤቴ ‹ተይው፣ ቁስል መነካካት ነው› ይለኛል። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ ‹ከተዝካር በኋላ ሙሾ ማውረድ ሙት መጥራት ነው፣ ኃጢአት ነው› አሉኝ። ከሰው ጋር ሳወራ የማይወጣልኝ ነገር ስጽፍ የሚወጣልኝ ለምንድን ነው? ልቀጥል ወይስ ልተው? ለሙት ዓመቷ አንድ ነገር ላነብላት እፈልጋለሁ፤ እንዴት ልጨርሰው?» — ከቀሐ ኢየሱስ አካባቢ

መልስ፦ እህታችን፣ ለእናትሽ ነፍስ ይማር፤ አንቺንም ያጽናሽ። ዋናውን አስቀድመን እንመልስ፦ አትተዪው። ሰዓቱንና አያያዙን ግን ቀይሪ።

ደብዳቤሽን ደጋግመን ስናነብ አንድ ነገር ታየን። ከፊቷ ሌላ ሙሾውም አምልጦሻል። ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጅ የምትሠራው ትልቅ ሥራ አለ። ሁለት ስንኝ ታወጣለች፤ በሁለቱ ውስጥ የሟቿ ስም፣ አገሯ፣ ያሳደገቻቸው ልጆች፣ የእጇ ሙያ ይገባል። ከዚያ ታቆማለች፤ ለቀስተኛው በእንባ ይቀበላታል። ደግሞ ሁለት ስንኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሐዘኑ እየተቆረሰ ለሰው ሁሉ ይታደላል። አዝማሪ ቤትም ያው ነው። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ የልቡን ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው አጅቦ ይመልስለታል፤ ሰውየው የገዛ ሕመሙን ከሌላ ሰው አፍ ይሰማዋል። ከሌላ አፍ ሲሰሙት ሕመም ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ መልኩን ማየት ይቻላል። አንቺ ስትደርሺ ይህ ሁሉ አልፏል። ስለዚህ በእኛ ግምት ሌሊት የሚያስነሣሽ ያልወረደው ሙሾ ነው። አውራጇም ተቀባይዋም አንቺው ብቻ ስለሆንሽ አያልቅልሽም።

ከሰው ጋር ስታወሪ የማይወጣልሽስ ለምንድን ነው? ወሬ ልክ የለውም። አንዱ ነገር ሌላውን ይመዛል፤ ሰሚው «አይዞሽ» ብሎ ያቋርጥሻል፤ አንቺም ላለማስጨነቅ ትተይዋለሽ። ስንኝ ግን ልክ አለው። ይጀምራል፣ መካከሉ ላይ ያርፋል፣ ቤት ይመታል፣ ያልቃል። «ቤት» ማለታችን ያለ ነገር አይደለም፤ መግቢያና መዝጊያ ያለው ነገር ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲያዘጋጅ «ቅኔ ይቆጥራል» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ሥራው ቆጠራ ነው። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ደቀ መዝሙሩ የፈለገውን ያህል ቢሰማው ከዚያ አይዘልም። ዳዊት የሚደግም ሰውም 150ውን መዝሙር አሥር አሥር አድርጎ በ15 ንጉሥ ይከፍለዋል። ልቅሶም ምስጋናም በድርሻ በድርሻ ሲሆን ሰው ይሸከመዋል።

ሰውነትም ድርሻ አለው። ባለ 12 ቀለም ስንኝ (ቀለም የምንለው በአፍ አንድ ጊዜ የሚወጣውን ድምፅ ነው) ቀስ ብለሽ ስትዪ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፤ ከዚያ ሳትወጂ ትተነፍሺያለሽ፤ ደግሞ ሌላ ስንኝ። የአወጣጡ ትንፋሽ ሲረዝም ልብም ይረጋጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ደጋግመው የሚሉ ሰዎችን ለክቶ፣ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። የእኛዎቹ ሊቃውንት ይህን ሳይለኩት ኖረውበታል። የአቋቋም፣ ማለትም የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት፣ ማስመስከሪያ በሆነችው በጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ በቃል ብቻ አይባልም፤ በመቋሚያ፣ በጸናጽል፣ በእግር ርምጃ ይባላል።

ባለቤትሽ «ቁስል መነካካት ነው» ያለው ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ በተደረገ የታወቀ ሙከራ ተማሪዎች የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ጽፈው እንደጨረሱ ወዲያው የባሰ አዝነው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ወደ ሐኪም የሚሄዱበት ጊዜ ቀነሰ። አንቺ አንዳንዴ የሚብስብሽ ይኸው ነው፤ በባሕርዩ የሚመጣ ነው። ግን ልብ በዪ፦ እነዚያ ሰዎች ቀኑ የተቆጠረ፣ ሰዓቱ የተለካ ነበር። አንቺ ያለ ልክ፣ በጨለማ፣ ከእንቅልፍሽ ላይ ቆርሰሽ ትጽፊያለሽ። ባለቤትሽ ያየው ይህን ከሆነ መጨነቁ ትክክል ነው።

አሁን ወደ እማማ ነገር። እሳቸው ያሉት ከባዶ የመጣ አይደለም። ሐዋርያው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳናዝን አስተምሯል (1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13)፤ ስለ ሙት ብሎ ሥጋን መቆራረጥም በኦሪት ተከልክሏል (ዘሌዋውያን 19፥28)። ሙት መጥራት የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከሙታን ምሥጢርና ምክር መጠየቅ ነው (ዘዳግም 18፥11)። «እናቴ፣ ስኒሽ እንደተደፋ ነው» ብሎ መጻፍ ከማንም ምሥጢር መጠየቅ አይደለም። ይልቅስ ዳዊት ራሱ ለሳኦልና ለዮናታን ያወረደውን ሙሾ አንብቢ፤ 2ኛ ሳሙኤል 1፥19–27። ዘጠኝ ቁጥር ብቻ ነው። «ኃያላን እንዴት ወደቁ» የሚለው ሦስት ጊዜ ይመለሳል። የጊልቦዓን ተራራ «ጠልም ዝናብም አይውረድብህ» ብሎ ይረግመዋል። ወንድሙን በስሙ ይጠራዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም፤ ሆኖም በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል፤ የይሁዳ ልጆችም እንዲማሩት ታዟል። በዚያች ሰዓት የነበረው ሐዘን ብቻ ነበር፤ ያንኑ አለው።

ይህን የምንነግርሽ እማማን እንድትረቺበት ብለን አይደለም። ለንስሐ አባትሽም የምትጽፊውን ንገሪያቸው፤ ከፈለግሽ አንዱን አንብቢላቸው። ተደብቆ የሚሠራ ነገር ንጹሕ ሳለ እንኳ ኃጢአት ኃጢአት ይሸታል።

አሁን እንዴት እንደምታደርጊ።

ስልኩን ተዪው። ብርሃኑ እንቅልፍ ይነሣል፤ ደግሞ በስልክ የተጻፈ ስንኝ በአንድ ጣት ይጠፋል፤ ያጠፋሻቸው ውስጥ ጥሩዎቹ እንደነበሩበት እርግጠኞች ነን። ደብተር ግዢ፣ በእጅሽ ጻፊ፣ የሰረዝሽውም ይታይ። ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ገደማ ወይም ጠዋት ቡና ከመፈላቱ በፊት ይሁን፤ ከመኝታሽ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ግን አይሆንም። ሌሊት ስንኝ ቀስቅሶሽ ከመጣ ራስጌሽ ባለ ብጣሽ ወረቀት አንዲት ቃል ብቻ ጻፊና ተኚ፤ ቃሏ ቀን ትጠብቅሻለች።

በአንድ ዙር አራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ። ሰዓቱ ሲሞላ ስንኙ እግሩ አየር ላይ ቢሆንም አቁሚ። ፊትሽን ታጠቢና እጅ የሚይዝ ሥራ ያዢ፤ ሽንኩርት ክተፊ፣ ምስር ልቀሚ። አራቱ ቀን ካለቀ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን አትጻፊ።

የመጀመሪያው ቀን ግጥም የለም። የመንገዱን ነገር በተራ ወሬ ጻፊ፦ ስልኩ የተደወለበት ሰዓት፣ መኪናው የቆመበት ቦታ፣ አብረውሽ የነበሩት ሰዎች ያወሩት፣ ማን ምን ብሎ እንደነገረሽ። ይህ ቀን ይከብዳል፤ እሱን ዘለሽ ወደ ግጥሙ ለመግባት ያምርሻል። ከዘለልሽው ግን ግጥሙ ሁሉ በዚያው መንገድ ላይ ይቆምብሻል፤ እስካሁን ያልጨረስሽውም በዚህ ይመስለናል።

ሁለተኛው ቀን 20 ነገር ዘርዝሪ። ስሜት አይደለም፣ ነገር። የነጠላዋ ጥለት ቀለም፣ ጀበናዋ፣ ስትቆጣ የምትለው ቃል፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የምታርፍበት ድንጋይ። «ልቤ ደማ»፣ «ጨለማ ዋጠኝ» የሚሉት እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። እነዚህ ቃላት ለሁሉም ሐዘን ስለሚሆኑ ለእናትሽ አይሆኑም። ጥሩ ሙሾ አውራጅ ለቅሶ ቤት እንደገባች ስለ ሟቹ የምትጠያይቀው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቀን ከ20ው አንዱን ብቻ መርጠሽ በልክ አስገቢው። ልክ የምንለው ሦስት ዓይነት የታወቀ ነው፦ ቡሄ በሉ 4 እና 4፣ ሰንጎ መገን 5 እና 5፣ የወል ቤት 6 እና 6 ቀለም። ለአንቺ የወል ቤትን እንመርጣለን፤ ሰፊ ነው፣ መካከሉ ላይ ያሳርፋል። ስትቆጥሪ በፊደል አትቁጠሪ፣ በአፍሽ ቁጠሪ። «ልብሽ» ሦስት ፊደል ነው፣ በአፍ ግን ሁለት ነው፤ ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ይዋጣል። ጠረጴዛ እየመታሽ ብትቆጥሪ አትሳሳቺም። እንዲህ ይመስላል፦

ጀበናው ወረደ፣ በሰዓቱ ፈልቶ፤
ያንቺ ስኒ ብቻ፣ አደረ ተደፍቶ።

«አዘንኩ» የሚል ቃል የለበትም። ጀበናና ስኒ ብቻ ነው ያለበት፤ ሐዘኑ ስኒው ላይ ነው። ቤቱን ደግሞ እዪው፦ ፈልቶ፣ ተደፍቶ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት ቀላል ይመስላል፤ ወጥመዱም እዚያው ነው። «ሄድሽ» ከ«ተኛሽ»፣ «ከፋኝ» ከ«ራቀኝ» ጋር በ«ሽ» እና በ«ኝ» ብቻ ሲገናኙ ቤቱ የላላ ነው፤ የተገናኘው ቅጥያ እንጂ ቃሉ አይደለም። ከቅጥያው በፊት ያለው ፊደልም ይገናኝ፤ «ጠራሽኝ» ከ«ሠራሽኝ» ጋር እንደሚገናኘው። ሌላው ስሕተት ቤቱን አስቀድሞ መርጦ ሐሳቡን ወደዚያ መጎተት ነው። እንዲህ ሲሆን ያላሰብሽውን ትናገሪያለሽ፤ ለጨዋታ ግጥም ምንም አይደል፣ ለሐዘን ግን ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ አይፈውስም። ቤቱ እምቢ ካለሽ ቃሉን ትተሽ የስንኙን ቅደም ተከተል ገልብጪው።

አራተኛው ቀን አራት ስንኝ ላይ አድርሰሽ ዝጊ። አራት ይበቃል።

መዝጋት ያቃተሽ ለምን እንደሆነ ደግሞ እንንገርሽ። ብዙ ሰው የሐዘን ግጥም በመጽናናት ማለቅ አለበት ብሎ ያምናል። መጽናናቱ ስላልመጣ ግጥሙም አያልቅም። ሁለት መዝሙሮችን አነጻጽሪ። በግእዙ ቁጥር 12ኛው መዝሙር «እስከ መቼ» እያለ አራት ጊዜ ይጠይቅና በዝማሬ ያልቃል። 87ኛው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰቆቃ ነው፤ ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ ያበቃል። ሁለቱም ዳዊት ውስጥ አሉ፣ ሁለቱም ይደገማሉ። ዘንድሮ የአንቺ 87ኛው ዓይነት ቢሆን ጸሎትነቱ አይቀርም። ሰቆቃወ ኤርምያስንም እዪ። ኢየሩሳሌም ፈርሳ ሳለ የተጻፈ ነው፤ በዕብራይስጡ ከአምስቱ ምዕራፎች አራቱ በ22ቱ ፊደላት ተራ የተደረደሩ ናቸው። ከተማው ፈርሶ ፊደል የመቁጠሩ ነገር መጀመሪያ ይገርማል። ኋላ ግን ይገባል፦ ልክ የሌለውን ጥፋት በልክ ያዘው፤ የመጨረሻው ፊደል ላይ ሲደርስ ዕረፍት አገኘ።

ቀጥሎ የምንለው ከባድ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ያልጻፍሽው ቃል «መድረስ ነበረብኝ» የሚል ነው። እሱን በሰው ፊት በቀጥታ መናገር ካቃተሽ አባቶቻችን ሰምና ወርቅን ያቆዩልን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። ሰሙ ለጆሮ ነው፣ ወርቁ ለባለቤቱ። ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የሚይዝ፣ አንድ ቃል በእጅሽ አለ፤ «ደረሰ»። አንድም መንገደኛ ካሰበበት ደረሰ ነው፤ አንድም ደራሲ ድርሰት ደረሰ ነው።

ብዙ ቃል ነበረኝ፣ በልቤ ያደረ፤
ሳልደርስልሽ ሄድሽ ወይ፣ ቀኑ ስላጠረ።

የሰማው ሁሉ «ግጥም ሳልደርስልሽ» ብሎ ይወስደዋል። ከመተማ መንገድ የቆመችውን መኪና የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይህን እንደ ናሙና ያዢው፤ የራስሽን ፈልጊ። ቁጣም ካለብሽ ዳዊት በጊልቦዓ ላይ እንዳደረገው አድርጊ፦ ሹፌሩን ሳይሆን መንገዱን ውቀሺ፤ መንገድ አይቀየምም፣ አንቺም በሰው ላይ ቂም አትይዢም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በሙሾ «ምነው እኔን በወሰደኝ» ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ ብቻውን አያስደነግጥም። ነገር ግን ስንኞችሽ ሁሉ ወደ «ውሰጂኝ» ከሄዱ፣ መሞትን በሐሳብሽ ማዘጋጀት ከጀመርሽ፣ ደብተሩን ዝጊና ዛሬውኑ ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ወይም ስድስት ወር አልፎም ሐዘኑ በየቀኑ ሥራ እስኪያስፈታ ድረስ የሚይዝሽ ከሆነ እንዲሁ ሐኪም ያስፈልግሻል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ግጥም የሚሠራው ሥራ አለ፣ መድኃኒትና ሐኪም የሚሠሩት ሥራ አለ፣ ጠበልም የራሱ አለው፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል የለብሽም።

ለሙት ዓመቷ አምስት ወር ያህል አለሽ። በየወሩ አንድ ዙር ብትጽፊ 20 ስንኝ ይኖርሻል። ከ20ው ስምንቱን ምረጪ፤ የመወድስ ያህል ማለት ነው። ቀስ ተብሎ ሲነበብ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ይበቃል። ስትመርጪ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ ምላስሽ የሚሰናከልበትን ስንኝ ጣዪ፣ ድምፅሽ የሚሰበርበትን አትጣዪ።

የምታነቢው ፍትሐቱ ተደርጎ፣ ካህናቱ ባርከው፣ ሰው በልቶ ቡናው ሲቀርብ በቤት ውስጥ ይሁን። በትልልቅ ፊደል ገልብጪው፤ ስንኝ በስንኝ፣ መካከሉ ላይ የመተንፈሻ ጭረት አድርጊበት። ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ስሟ ላይ ስለሆነ ከስሟ በፊት ሁለት ጭረት አድርጊ፤ እዚያ ሙሉ ትንፋሽ ሳትስቢ አትለፊ። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ብቻሽን ሦስት ጊዜ፣ ለባለቤትሽ አንድ ጊዜ አንብቢው። ሁለተኛውን ግልባጭ እሱ ይያዘው፤ ድምፅሽ ከከዳሽ ከቆምሽበት ይቀጥልልሽ።

እማማን አጠገብሽ አስቀምጪያቸው። አስቀድመሽ ቤታቸው ሂጂና «እማማ፣ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፤ ይቀበሉኝ» በያቸው። እሺ ይሉሻል ብለን እናስባለን። ሁለት ስንኝ አንብበሽ ቁሚ። እሳቸው «ነፍስ ይማር» ይበሉ፣ ቤቱም ተከትሎ ይበል። ድምፁ እስኪያበቃ ጠብቂና ወደ ሦስተኛው ስንኝ ሂጂ።